የ12 ወር ፔይሮል በአንድ የኤክሴል ፋይል፦ ሺቶቹ ሁሉ አንድ መልክ እንዲይዙ

ሐምሌ ላይ በደንብ የተጀመረ የፔይሮል ፋይል ሰኔ ሲደርስ ብዙ ጊዜ 12 ዓይነት መልክ ይዞ ይገኛል። የመስከረም ርዕስ ሰማያዊ ነው፣ የጥቅምት ግራጫ። ኅዳር ላይ ብሩ በሁለት ዴሲማል ተጽፏል፣ ታኅሣሥ ላይ ኮማ እንኳ የለውም። የካቲት ሲታተም ደግሞ የፊርማው ኮለም ለብቻው ሁለተኛ ወረቀት ላይ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ፎርማቱ በየወሩ፣ በየሺቱ፣ እንደ አዲስ ስለሚሠራ ነው። መልኩ የሚወሰንበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ በቂ ነው።

ለማሳያ የምንይዘው ከሐምሌ እስከ ሰኔ 12 ሺት ያለውን፣ ለጳጉሜን የተለየ ሺት የሌለውን የበጀት ዓመት ፔይሮል ነው። ኮለሞቹም 12 ናቸው፦ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ የሥራ መደብ፣ መነሻ ደመወዝ፣ አበል፣ ጠቅላላ፣ የሥራ ግብር፣ የሠራተኛ ጡረታ 7 በመቶ፣ የአሠሪ ጡረታ 11 በመቶ፣ ሌላ ተቀናሽ፣ የተጣራ ክፍያ፣ ፊርማ። የሜኑ፣ የቁልፍና የኮለም ስሞችን እንደሚነበቡ ጽፈናቸዋል። አካሄዱ የዊንዶውስ ኤክሴል ነው።

ከቀለም በፊት አቀማመጥ

ኤክሴል ብዙ ሺት ላይ ባንድ ጊዜ ፎርማት ሲያደርግ የሚያየው የሴሉን አድራሻ ብቻ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አይመለከትም። ጥር ላይ አንድ ሰው ከአበል ቀጥሎ «የትርፍ ሰዓት» የሚል ኮለም አስገብቶ ከሆነ፣ በሌሎቹ ወሮች ኬ ላይ ያለው የተጣራ ክፍያ በጥር ኤል ላይ ነው። ኬን በሁሉም ሺት አረንጓዴ ሲያደርጉ በጥር የሚቀባው «ሌላ ተቀናሽ» ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከለው ይኼ ነው፦

1. የተደበቁ ሺቶችን ያውጡ። ታብ ላይ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ አንሃይድ። በኋላ ሁሉንም ሺት ሲመርጡ የተደበቀው አይካተትም፤ ዓመቱን ሙሉ አንዱ ሺት ለብቻው የሚያፈነግጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።
2. የተቆለፉ ሺቶችን ይክፈቱ፦ ሪቪው፣ አንፕሮቴክት ሺት።
3. አንድ ወር ላይ ብቻ የሚያስፈልግ ኮለም ካለ በ12ቱም ላይ ያስገቡት። ባዶ ሆኖ የሚታተም ኮለም ከተዛባ አቀማመጥ ይሻላል።
4. የኮለም ራሶች በሁሉም ሺት ረድፍ 5 ላይ፣ የመጀመሪያው ሠራተኛ ረድፍ 6 ላይ ይሁን።
5. የድምሩ ረድፍ ቦታ አይንቀሳቀስ። ድርጅቱ 40 ሠራተኛ ካለው እስከ ረድፍ 65 ቦታ ይተዉና ድምሩን 66 ላይ ያድርጉት። ትርፍ ባዶ ረድፎችን ከኅትመት በፊት መደበቅ ይቻላል። ድምሩ ከሠራተኛው ብዛት ጋር ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ግን የነሐሴ ድምር 46 ላይ፣ የመጋቢት 49 ላይ ይሆንና የጋራ ፎርማት ነገር ያከትማል።

የአቀማመጡ አንድነት ሌላም ጥቅም አለው፤ የዓመቱን ድምር ከ12ቱ ሺቶች በአንድ አጭር ፎርሙላ መሰብሰብ ይቻላል።

ረድፍ 1 እና 2 ላይ የድርጅቱን ስም መሀል ለማድረግ ሴሎቹን አያዋህዱ። መርጅ የተደረገ ሴል ኮለም ሲመረጥ፣ ሶርት ሲደረግ፣ ኮፒ ሲደረግ ሁሉ እንቅፋት ነው። ከኤ1 እስከ ኤል1 መርጠው ኮንትሮልና 1ን ይጫኑ፤ አላይንመንት ውስጥ ሆሪዞንታል በሚለው ስር «ሴንተር አክሮስ ሴሌክሽን»ን ይምረጡ። ዓይን ልዩነቱን አያየውም።

ፎንቱን የሚወስነው ኖርማል የሚባለው ስታይል ነው

ሁሉንም ሴል መርጦ ፎንት መቀየር የተለመደ ነው፤ ግን የተሳሳተ በር ነው። የፋይሉ መሠረታዊ ፎንት የሚኖረው ኖርማል በተባለው ስታይል፣ ማለትም ስም በተሰጠው የፎርማት ስብስብ፣ ውስጥ ነው። ሆም፣ ሴል ስታይልስ ይክፈቱ፤ ኖርማል ላይ ራይት ክሊክ፣ ሞዲፋይ፣ ፎርማት፣ ፎንት። እዚህ የተቀየረ ፎንት በፋይሉ ሺቶች ሁሉ ላይ ባንድ ጊዜ ይቀየራል፤ ቀድሞ በእጅ የተለየ ፎንት የተሰጣቸው ሴሎች ግን ባሉበት ይቀራሉ።

ይህ ከኮለም ስፋት በፊት መሠራት አለበት። የኮለም ስፋት የሚለካው በኖርማል ፎንት የዜሮ ምልክት ስፋት ስለሆነ፣ ፎንቱ ሲለወጥ ሁሉም ኮለም አብሮ ይሰፋል ወይም ይጠባል። የቆዩ የኤክሴል ፋይሎች ካሊብሪ 11 ይዘው ይነሣሉ፤ አዲሶቹ የማይክሮሶፍት 365 ፋይሎች አፕቶስ ናሮው 11 ነው የሚይዙት። ከሁለቱ የመጡ ሺቶች አንድ ፋይል ውስጥ ሲገቡ የሚታየው መዘበራረቅ ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ነው።

አማርኛ ላይ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ካሊብሪ የግዕዝ ፊደል የለውም። ኤክሴል የፎንቱን ስም ካሊብሪ ብሎ እያሳየ ፊደሉን የሚወስደው ኮምፒውተሩ ላይ ካገኘው ከሌላ ፎንት ነው፦ አንዱ ጋ ኒያላ፣ ሌላው ጋ ኤብሪማ፣ ማክ ላይ ደግሞ ኬፋ። የፊደሉ ቁመት ስለሚለያይ ረድፉም ከፍ ዝቅ ይላል፣ በአንዱ ኮምፒውተር አንድ ገጽ የነበረው በሌላው አንድ ገጽ ከሁለት ረድፍ ይሆናል። ኖርማልን የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ያድርጉት፤ ኒያላ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይሆናል። ፋይሉን የሚከፍቱት ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ መጫኑንም ያረጋግጡ፤ ኒያላ ዊንዶውስ 10 ላይ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው የዛሬው አሠራር) ከመለመዱ በፊት በነበሩት የቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት ፎንቶች የተጻፈ የድሮ ጽሑፍ ነው። ከታች ያለው ጽሑፍ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሺት ላይ ፎንት ከቀየሩ የሠራተኞቹ ስም ሁሉ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ጽሑፉ አልጠፋም፣ የድሮውን ፎንት ሲመልሱለት ይነበባል፤ ግን ስሞቹን በዩኒኮድ እንደገና ሳይጽፉ ያንን ሺት ከሌሎቹ ጋር አንድ ማድረግ አይሞከርም።

አራት ስታይል ይበቃል

ሴል ስታይልስ ውስጥ «ኒው ሴል ስታይል» ብለው የራስዎን ይፍጠሩ፤ ስሙን በአማርኛ መስጠት ይቻላል። ለፔይሮል «ርዕስ»፣ «የኮለም ራስ»፣ «ገንዘብ» እና «ድምር» ይበቃሉ። ስታይል ሲፈጠር ነምበር፣ አላይንመንት፣ ፎንት፣ ቦርደር፣ ፊል፣ ፕሮቴክሽን የሚሉ ስድስት ምርጫዎች ሁሉም ምልክት ተደርጎባቸው ይቀርባሉ። ለ«ገንዘብ» ነምበርንና አላይንመንትን ብቻ ይተዉ። ሁሉም እንደተመረጡ ከቀሩ ስታይሉን በሰጡ ቁጥር የሠሩትን መስመርና ቀለም ይደመስሰዋል።

ለ«ገንዘብ» የሚሆነው የቁጥር ፎርማት ይህ ነው፦ #,##0.00;(#,##0.00);"-"። ኮማና ሁለት ዴሲማል ያደርጋል፣ ከዜሮ በታች ያለውን በቅንፍ ያስቀምጣል፣ ዜሮውን ሰረዝ ያደርገዋል። «ብር» የሚለውን በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ አለማስገባት ይሻላል፤ የኮለሙ ራስ ላይ አንዴ ከተጻፈ ቁጥሩ አይጣበብም።

የስታይል ጥቅም የሚታየው በኋላ ነው። ሚያዝያ ላይ ሥራ አስኪያጁ «ራሱ ግራጫ ይሁን» ካሉ «የኮለም ራስ»ን ሞዲፋይ ያደርጋሉ፤ 12ቱም ሺት ወዲያው ይከተላሉ። ለሚቀጥለው ዓመት ፋይል ሁለቱን ፋይሎች ከፍተው በሴል ስታይልስ ስር «መርጅ ስታይልስ» በሚለው ስታይሎቹን ማሻገር ይቻላል።

አዲስ ፋይል ከሆነ፦ አንድ ሺት ጨርሶ ማባዛት

ፋይሉ ገና የሚጀመር ከሆነ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። የሐምሌን ሺት ከነፍሪዙ (ወደ ታች ሲወርዱ የኮለም ራሶቹ ከላይ እንዲቆዩ የሚያደርገው)፣ ከነኅትመት ሴቲንጉ፣ ከነምርጫ ዝርዝሩ አንድም ነገር ሳይቀር ይጨርሱ። ከዚያ ኮንትሮልን ይዘው ታቡን ወደ ቀኝ ይጎትቱ፤ ኮፒው ሁሉንም ይዞ ይመጣል። 11 ጊዜ መጎተት አያስፈልግም፦ አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን መርጠው አራት፣ አራቱን ስምንት ያድርጉ፤ የመጨረሻዎቹን አራት ከጨመሩ 12 ሞላ። ሺቱ ውስጥ «ፎርማት አዝ ቴብል» የተባለው ቴብል ካለ ግን ኤክሴል ብዙ ሺት ባንድ ላይ ኮፒ ማድረግን ስለማይፈቅድ አንድ በአንድ ይሄዳሉ።

ቀድሞ የተጀመረ ፋይል ከሆነ፦ ግሩፕ (ብዙ ሺት ባንድ ላይ መምረጥ)

1. አርአያ የሚሆነውን ሺት፣ ሐምሌን እንበል፣ ታቡን ይጫኑ።
2. ሺፍትን ይዘው የሰኔን ታብ ይጫኑ። በመካከል ያሉት ሁሉ ይመረጣሉ። አንዳንዶቹን ብቻ ከፈለጉ ኮንትሮልን ይዘው አንድ በአንድ፤ ማክ ላይ ኮማንድ።
3. ከላይ የፋይሉ ስም አጠገብ «ግሩፕ» የሚል መጻፉን ይመልከቱ።
4. የኮለም ስፋት፣ የረድፍ ቁመት፣ ስታይል፣ መስመር፣ ቀለም ይስጡ። ለፊርማ ረድፉ ቢያንስ 24 ፖይንት ይሁን፤ በተለመደው 15 ላይ ሰው መፈረም አይችልም።
5. ወዲያው ግሩፑን ይፍቱ፦ ታብ ላይ ራይት ክሊክ፣ አንግሩፕ ሺትስ።

አምስተኛውን መርሳት ከዚህ ሥራ ሁሉ ትልቁ አደጋ ነው። ግሩፕ ላይ እያሉ በሐምሌ ዲ12 የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ካረሙ በ12ቱም ወር ዲ12 ላይ ያለው ቁጥር ይተካል፤ የተከፈለና የተዘጋ ወር ሳይቀር። ኤክሴል ማስጠንቀቂያ አያወጣም። ወዲያው ከታወቀ ኮንትሮልና ዜድ ሁሉንም ይመልሳል፤ ፋይሉ ሴቭ ተደርጎ ከተዘጋ ግን መመለሻው የቀድሞ ኮፒ ብቻ ነው። ስለዚህ ከግሩፕ በፊት ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ ያድርጉ። ይህ ቅድመ ሁኔታ ነው፣ ምክር አይደለም።

የሐምሌ ፎርማት የተስተካከለ ሆኖ ወደ ሌሎቹ ማዳረስ ብቻ ከቀረ፦ ሁሉንም ሺት ግሩፕ አድርገው ሐምሌ ላይ ከኤ1 እስከ ኤል66 ይምረጡ፤ ሆም ውስጥ ፊል፣ «አክሮስ ወርክሺትስ»፣ ከዚያ «ፎርማትስ»። እዚህ ላይ ጣትዎ «ኦል» ላይ እንዳያርፍ፤ የሐምሌ ደመወዝ በሙሉ በሌሎቹ 11 ወሮች ላይ ይለጠፋል። የኮለም ስፋት በዚህ መንገድ ይሻገራል ብለው አይመኩ፤ በግሩፕ ለብቻው ይስጡት።

ግሩፕ የማይነካቸው

ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ (ሴሉን በሕግ የሚቀባው)፣ ዴታ ቫሊዴሽን (የምርጫ ዝርዝሩ የሚሠራበት) እና ፕሮቴክት ሺት ግሩፕ ላይ ደብዝዘው አይሠሩም። ፍሪዝ ፔንስም በየሺቱ የሚሠራ ነው።

ለኮንዲሽናል ፎርማቲንግ፦ ሐምሌ ላይ ከላይ ግራ ጥግ ያለችውን ሦስት ማዕዘን ተጭነው ሁሉንም ይምረጡ፣ ፎርማት ፔይንተርን ይጫኑ፣ ነሐሴ ላይ ያችኑ ጥግ ይጫኑ። የኮለም ስፋቱና የረድፍ ቁመቱም አብሮ ይሄዳል። ፎርማት ፔይንተርን ደብል ክሊክ ካደረጉት እስኬፕ እስኪጫኑ ድረስ ሳይጠፋ 11ዱንም ያዳርሳል። ከዚያ በፊት ግን በተቀባዩ ሺት ላይ ያለውን የድሮ ሕግ «ክሊር ሩልስ ፍሮም ኢንታየር ሺት» በሚለው ያጽዱ። ረድፍ በተቆረጠና በተለጠፈ ቁጥር አንዱ ሕግ ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ይከፋፈላል፤ «ማኔጅ ሩልስ» ሲከፈት 30 ተመሳሳይ ሕግ ተደርድሮ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

ለዴታ ቫሊዴሽን ሴሎቹን ኮፒ አድርገው ኮንትሮል፣ አልትና ቪን ይጫኑ፤ በሚከፈተው ሳጥን «ቫሊዴሽን»ን ይምረጡ። የኮለም ስፋት ብቻ ለማሻገርም «ኮለም ዊድዝስ» የሚለው እዚያው አለ።

የኢትዮጵያ ቀን ያለበት ኮለም

የቅጥር ወይም የክፍያ ቀን ኮለም ካለ ይህን ሳያነቡ አይለፉ፤ የሺቶች መልክ በብዛት የሚፈርሰው እዚህ ነው። ኤክሴል የሚጽፉለትን ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የሚረዳው። ኮምፒውተሩ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብሎ እንዲያነብ የተደረገ ከሆነ 28/02/2017 ሲጽፉ ፌብሩዋሪ 28 አድርጎ ይወስደውና ወደ ቀኝ ያሰልፈዋል። 29/02/2017 እና 30/02/2017 ግን በፈረንጆቹ የሉም፤ እንደ ጽሑፍ ይቆጥራቸውና ወደ ግራ ይጥላቸዋል። የጥቅምት ሺት ብቻ የመጨረሻዎቹ ቀኖች የሚጣመሙት ለዚህ ነው። ወር አስቀድሞ በሚያነብ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ከ12 በላይ ያሉት ቀኖች በሙሉ ጽሑፍ ይሆናሉ፤ ጳጉሜን 5ን 05/13/2017 ብለው ሲጽፉ ግን ሜይ 13 ብሎ በደስታ ይቀበልዎታል።

መፍትሔው ኮለሙን አስቀድሞ «ቴክስት» ማድረግ ነው፤ በግሩፕ ይሠራል። «አስቀድሞ» የሚለው ዋናው ነገር ነው። 05/01/2017 ተጽፎ ካበቃ በኋላ ኮለሙን ቴክስት ካደረጉት 42740 ወይም 42856 የሚል ቁጥር ያያሉ፤ ኤክሴል ቀኑን ያስቀመጠው በዚያ መልክ ስለሆነ ነው። ቁጥሩ የተለያየው አንዱ ኮምፒውተር ጃንዩወሪ 5፣ ሌላው ሜይ 1 ብሎ ስላነበበው ነው። እነዚያን አጥፍቶ እንደገና መጻፍ ይሻላል። ጽሑፍ የሆነ ቀን በሥርዓት እንዲደረደር ከፈለጉ ዓመቱን አስቀድመው ወሩንና ቀኑን በሁለት አሃዝ ይጻፉ፦ 2017/02/30።

ኅትመት

የኅትመት ሴቲንግን ማዛመት ቀላል ነው። ሐምሌን ያስተካክሉ፦ ኤ4፣ ላንድስኬፕ፣ ጠርዙ 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ «ፊት ቱ» 1 ገጽ ስፋት፣ ቁመቱ ባዶ። ሐምሌ ከፊት እንዳለ ሌሎቹን ግሩፕ አድርገው የፔጅ ሴታፕን ሳጥን ከፍተው ኦኬ ይበሉ፤ ምንም ሳይነኩ የሐምሌ ሴቲንግ ለሁሉም ይደርሳል። የሌሎቹ ሄደርና ፉተርም በሐምሌው ይተካል፤ ስለዚህ የወሩን ስም በእጅ አይጻፉ፣ ከሄደር ቁልፎቹ ውስጥ የሺቱን ስም የሚያስገባውን ይጠቀሙ። በየገጹ የሚደገመው የረድፍ 5 ራስና የኅትመት ክልሉ ግን በግሩፕ አይሰጡም፤ 12 ጊዜ በእጅ ነው።

መልሶ እንዳይፈርስ

የተስተካከለ ሺት የሚበላሸው በአብዛኛው ከሌላ ፋይል በተለጠፈ ዴታ ነው። መደበኛው ፔስት የመጣበትን ፎንት፣ ቀለም፣ መስመር ሁሉ ይዞ ይገባል። በዚህ ፋይል ላይ የሚሠራ ሁሉ «ፔስት ቫልዩስ» ብቻ ይጠቀም። አንዳንዱ ሺቱን መቆለፍ ይበቃል ብሎ ያስባል፤ አይበቃም። መቆለፍ ፎርሙላውን ያድናል፤ ለመጻፊያ ክፍት የተተዉት ሴሎች ላይ ግን ከሌላ ቦታ ኮፒ ተደርጎ ሲለጠፍ ፎርማቱም ይገባል፣ ክፍት የነበረው ሴል ተቆልፎ የሚቀርበትም ጊዜ አለ።

ሌላው የሥርቆሽ በር ሺት ከፋይል ወደ ፋይል ማዛወር ነው። ከፓሌቱ «ቲም ከለርስ» ከሚለው የተመረጠ ቀለም የሚቀበለውን ፋይል ቲም (የፋይሉን የቀለምና የፎንት ስብስብ) ስለሚከተል፣ ሰማያዊው ራስ አዲሱ ፋይል ውስጥ ብርቱካናማ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ፋይሎች በፔጅ ሌይአውት ስር አንድ ዓይነት ቲም ከያዙ ችግሩ የለም።

ፍተሻ

ኮንትሮልና ኤፍን ይጫኑ፣ ኦፕሽንስን ይክፈቱ፣ «ዊዚን» የሚለውን ወርክቡክ ያድርጉት፣ ፎርማት ውስጥ ገብተው ካሊብሪን ይምረጡና «ፋይንድ ኦል» ይበሉ። ያፈነገጡት ሴሎች ከነሺታቸው ይዘረዘራሉ። በኮንትሮልና ኤች ደግሞ የፎንቱን ፎርማት በፎርማት መተካት ይቻላል፤ የጽሑፍ ሳጥኖቹን ባዶ ይተዉ። ሲጨርሱ «ክሊር ፋይንድ ፎርማት» ይበሉ፤ አለበለዚያ ነገ ስም ሲፈልጉ ኤክሴል ያንኑ ፎርማት ጭምር እየፈለገ «የለም» ይልዎታል።

ለዓይን የሚሆነው ደግሞ ይህ ነው፦ ሁሉንም ግሩፕ አድርገው ኤ1ን ይጫኑ፣ ዙሙን 100 ያድርጉ፣ ግሩፑን ይፍቱ፤ ከዚያ ኮንትሮልን ይዘው ፔጅ ዳውንን በፍጥነት ይደጋግሙ። ሺቶቹ አንድ ከሆኑ ቁጥሮቹ ብቻ ይለዋወጣሉ፤ የአንዱ ኮለም መስመር በትንሹ እንኳ ቢዘል ወዲያው ያዩታል።

ኤክሴል ካልሆነ

ሊብረ ኦፊስ ካልክ ታቦችን በኮንትሮል መርጦ በጋራ ፎርማት ማድረግን ይችላል፤ ስታይሎቹ በኤፍ11 ይከፈታሉ። ጉግል ሺትስ ላይ ብዙ ታብ መምረጥ ቢቻልም ለማዛወር፣ ለመደበቅ፣ ለማጥፋትና ለመሳሰለው ብቻ ነው፤ ፎርማት በጋራ አይሰጥም። እዚያ አርአያውን ሺት «ዱፕሊኬት» ማድረግ፣ ለነበሩት ደግሞ ከፔስት ስፔሻል «ፎርማት ኦንሊ»ንና «ኮለም ዊድዝ ኦንሊ»ን ተራ በተራ መጠቀም ነው ያለው አማራጭ።